ሰው በጾም ይከሳል፣ እኔ ሦስት ኪሎ ጨመርኩ

ባሕር ዳር መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ትወጣላችሁ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነብላችኋል፣ ሳንቲም ትሰጡታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ከአንዱ ላይ ወጣሁ። 71 ኪሎ። የዒድ ማግስት እዚያው ልጅ ጋ ተመለስኩ። ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«74» አለኝ።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት።

«ሚዛኑስ ደህና ነው ጋሼ።»

ሠላሳ ቀን ጾሜ ሦስት ኪሎ ጨመርኩ። መጨመሩ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ጉልበትም አልነበረኝም። ወሩን ሙሉ ሥራ ላይ ስፈዝ ነው የከረምኩት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሰው ሲያናግረኝ እነጫነጫለሁ። ተራዊህ (የረመዳን የማታ ሶላት) ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። የቅዳሜ ኳሴም ቀረ። ማንም ምን ሆንክ ሲለኝ መልሴ «ጾም ነዋ» ነበር። ጾሙ ግን አላደከመኝም። ያደከመኝ ማታ ማታ የማደርገው ነገር ነው። ይሄን ለመረዳት ሁለት ረመዳን ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ እንዳይፈጅ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ እንጨት ሥራ ነው። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ተሸክሜ፣ ገፍቼ ነው የምውለው። ስለዚህ «በጾም ጊዜ ዕረፍ» የሚለው ምክር እኔ ጋ አይሠራም። ካረፍኩ አልበላም። እናንተም ሹፌር፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ ወይም ቤት የምትውሉ እናት ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በ2013 ሚያዝያ ላይ ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ አይታችሁ ይሆናል። መግሪብ (የጀንበር መጥለቂያ ሰዓት) ሲደርስ በረኛው የመልስ ምቱን አዘገየና ዌስሊ ፎፋናና ሼይኩ ኩያቴ ሜዳው ዳር ቆመው አፈጠሩ። እኛ ሰፈር ይሄ ነገር ስንት ቀን ተወራ መሰላችሁ። እኔም «እነሱ እየጾሙ ፕሪሚየር ሊግ ከተጫወቱ እኔ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር መጫወት ያቅተኛል?» አልኩ። ሐኪም፣ የምግብ ባለሙያና የእንግሊዝ ብርድ እንዳላቸው ረሳሁት።

በቀጣዩ ዓመት ረመዳን የገባው በመጋቢት መጨረሻ ነው። የባሕር ዳርን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ወረድኩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥሩ ነበርኩ፤ እንዲያውም ጎል አገባሁ። ከዚያ ከንፈሬ ደነዘዘ። ላቤ ቀዘቀዘ። ዓይኔ ጨለመና ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ጥላ ውስጥ አስተኙኝና እግሬን ከፍ አደረጉልኝ። አንዱ ውሃ አምጥቶ «አፍጥር፣ ሌላ ቀን ትተካዋለህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ጀግንነት መስሎኝ ነው። ለኢፍጣር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይቀረው ነበር፤ ያን ሁሉ ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ቆጠርኩት። አዛን ሲል ሁለት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ባንድ ትንፋሽ ገለበጥኩና ሆዴ ከበሮ ሆነ። ተራዊህ የለ፣ እንቅልፍ የለ።

በማግስቱ የመስጊዳችን ሸህ ነገሩን ሰምተው ጠሩኝ። አልተቆጡኝም። «ልጀ፣ የጾምን አንቀጽ አንብበኸዋል?» አሉኝ። የአል-በቀራን 185ኛ አንቀጽ ማለታቸው ነው። በሽተኛና መንገደኛ በሌላ ቀን እንዲተካ የተፈቀደበት፣ አላህ ለእኛ ገሩን እንጂ ችግሩን እንደማይሻ የተነገረበት ነው። ነፍሱ ላይ ጉዳት የፈራ ሰው አፍጥሮ ሌላ ቀን ሊተካው እንደሚችል አስረዱኝ። ኳሱንም ቢሆን «ግዴታህ ጾሙ ነው፣ ኳሱ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይሄ ነው፦ ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም የልብ ድው ድው ከመጣ እንቅስቃሴው እዚያው ይቆማል። ካልተሻለኝ አፈጥራለሁ። እስካሁን ማፍጠር ላይ አልደረስኩም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ኳሱን ተውኩ፣ ማታውን ግን አልነካሁትም። ያው ሳምቡሳ፣ ያው ስኳር፣ ያው እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ። አንድ ቀን ከሰዓት የዋንዛ ጣውላ እየቆረጥኩ ነው። ሁለቴ ለካሁ። በእርሳስ አሰመርኩ። ከዚያ የተሳሳተውን መስመር ይዤ ቆረጥኩት። የደንበኛው በር 4 ሳንቲ ሜትር አጠረ። ዋንዛ በዚህ ዘመን ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ግን አውራ ጣቴ ከማሽኑ ምላጭ የነበረው ርቀት ነው። ያን ቀን ማሽኑን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የተለወጥኩት በ2016 ነው። ያስታወሰው ካለ፣ በዚያ ዓመት ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የገቡት በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ክርስቲያን ነው፣ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ቡና የምታፈላልን ልጅ እንኳን ደንበኛ አጥታ ጀበናዋን አስቀመጠች። 9 ሰዓት ሲሞላ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከጣውላው ክምር ጀርባ ይሄዳል። ተደብቆ ነው የሚበላው። «አንተየ፣ ምን ያስደብቅሃል? ወጥተህ ብላ» ብለው «ሼም ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ምን እንደሚበላ አየሁ። ሱፍ ፍትፍት ነው። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ በርበሬ የሌለው። የሱፉ ፍሬ ይታመስና ይወቀጣል፣ በውሃ ታሽቶ ይጠለላል፣ እንጀራ ይፈተፈትበታል። እኔ በዚያን ሰዓት ጉሮሮዬ እንደ አሸዋ ደርቋል፤ ሌሊት የበላሁት ፍርፍር በርበሬና ጨው የበዛበት ነበር። ሁለት ወር ገደማ ሥጋና ቅቤ ሳይነኩ አርሰው፣ ሸምነው፣ ተሸክመው የሚኖሩ ጎረቤቶች አጠገቤ እያሉ ስለ ጾም ምግብ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ለባለቤቴ ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን የሱሁራችን (ሳይነጋ የምንበላው ምግብ) ትሪ ተቀየረ። ሱፍ ፍትፍት ወይም ተልባ ፍትፍት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ አንድ ሙዝ። ሌላ ቀን የገብስ ገንፎ ወይም ቅንጬ። መንገድ ለሚበዛበት ሰው ደግሞ በሶ የሚያህል ነገር የለም፤ በውሃ መበጥበጥ፣ ትንሽ ማር ጣል ማድረግ። ማር ደግሞ ጎጃም ላይ ሆኖ ማን ይቸገራል። ገብስና አጃ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ቶሎ ከፍ አድርጎ ቶሎ ይጥላችኋል፤ 4 ሰዓት ላይ ሆዳችሁ ይጮኻል።

ሱሁርን መዝለል ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። «እንቅልፌን ልተኛ» የሚሉ አሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱሁር ውስጥ በረከት አለ ብለዋል፤ ሱሁርን ማዘግየት፣ ኢፍጣርን ማፋጠንም ሱናቸው ነው። መጋቢት ላይ እኛ ጋ ፈጅር (የንጋት ሶላት) የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፣ መግሪብ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ። 13 ሰዓት ከሩብ ያህል ማለት ነው። ሱሁሩን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በልቶ የተኛ ሰው ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማል። ማን አስገደደው?

ውሃ ላይ ዘዴዬ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ነው። ሁለቱም ከመግሪብ እስከ ፈጅር ማለቅ አለባቸው። አፍጥሬ ሁለት ብርጭቆ። ወደ ተራዊህ ስሄድ አንዱን ይዤ እወጣለሁ፣ በሶላቱ መካከል ባለው ዕረፍት ጎንጨት እላለሁ። የቀረው ከመተኛቴ በፊትና ሱሁር ላይ። ባንድ ጊዜ መገልበጥ ዋጋ የለውም፣ ሽንት ሆኖ ይሄዳል። ሽንታችሁን ተመልከቱ፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ አልጠጣችሁም ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ ውሃ አይደለም። ይልቅ ብርዝ ወይም አብሽ ይሻላል። አብሽ ለእኔ ጨጓራ ተስማምቶኛል።

ቡና። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያማርርበት የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት አብዛኛው የጾም አይደለም፣ የቡና ነው። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትጠጣ የኖረች ጭንቅላት ድንገት ሲቀርባት ታምፃለች። እኔ አሁን ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው መቀነስ እጀምራለሁ። መጀመሪያ በረካን፣ ከዚያ ቶናን። እናቴ «ቡና ከአቦል ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት እንግዳ ነው» እያለች ትቀየማለች። ይሁን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ያቺኑ አንዷን ሲኒ ወደ ማታ አዛውራታለሁ። በረመዳን ውስጥ ካፈጠርኩ በኋላ አንድ ሲኒ፣ ከተራዊህ በኋላ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ከጠጣሁ ጣሪያ ስቆጥር ሱሁር ይደርሳል።

ሦስቱ ኪሎ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፦ ከሳምቡሳ። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ በላዩ ላይ ጁስ፣ በላዩ ላይ እራት። አሁን በተምርና በውሃ አፈጥራለሁ። ሦስት ፍሬ ተምር። ከዚያ ተነሥቼ መግሪብ እሰግዳለሁ። ይቺ አሥር ደቂቃ ትልቅ ነገር ናት፤ ሆድ «አገኘሁ» ብሎ ይረጋጋል። ተመልሼ የአጃ ሾርባ፣ ከዚያ እንጀራ በወጥ፣ ሰላጣ። አንዳንዴ የጣና ዓሣ፣ ጥብስ ሳይሆን ወጡ። ሳምቡሳ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኗል።

ይሄን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ናት። እሷም ጾማ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ምጣድና ዘይት ላይ ቆማ ነበር የምታመሸው። እኛ ወንዶች «ደከመኝ» ብለን ምንጣፍ ላይ ስንዘረር እሷ እሳት ፊት ናት። «ሳምቡሳውን በየቀኑ የሚፈልግ ይጥበስ» አለች አንድ ቀን፣ ነገሩ አለቀ። ሾርባው ጠዋት ይጣዳል፣ ማታ መሞቅ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ እኔ እከትፋለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ወንዱ ስፖርት የሚሠራበት፣ ሴቷ የምትወድቅበት ረመዳን ካለ እቅዱ ውድቅ ነው።

ወደ እንቅስቃሴው ልምጣ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሁለት የጊዜ ምርጫ ብቻ ነው የሠራልኝ። አንደኛው መግሪብ ሊደርስ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ፀሐዩ ይበርዳል፤ ቢጠማኝም ውሃው ቅርብ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሩጫ የለም። ከ2017 ወዲህ የምሄደው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። 380 ሜትር ነው፤ ሦስት ዙር ወዲያና ወዲህ ስትሉ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከሥር ዓባይ፣ ነፋሱ ደግሞ ልዩ ነው። መለኪያዬ ወሬ ነው። አብሮኝ ካለ ሰው ጋር እንደ ልቤ ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ።

ሁለተኛው ከተራዊህ በኋላ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ምሽት መንቀሳቀስ እንደ ልብ ያልሆነበት ጊዜ ስላለ ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው። ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ የሃያ ሊትር ጀሪካን። ጀሪካኑን ግማሽ ውሃ ብትሞሉት 10 ኪሎ ነው፤ ለትከሻም ለወገብም ይበቃል። ሃያ ደቂቃ። ከዚያ በላይ አልሄድም። በዚህ ወር ጡንቻ ለመጨመር አይደለም የምሠራው፣ ያለውን ላለማጣት ነው። ደግሞም ሃያ ረከዓ የሰገደ ሰው ምንም አልተንቀሳቀሰም አትበሉ። ተራዊህን ቀጥ ብሎ፣ ሩኩዑን በደንብ ጎንበስ ብሎ ለሰገደ ጉልበቱና ወገቡ ይመሰክራሉ።

ሥራውን ደግሞ በአያቴ ዘዴ አዙሬዋለሁ። አያቴ ሞጣ ላይ ሸማኔ ነበሩ። በረመዳን ከፈጅር በኋላ አይተኙም ነበር አሉ። መወርወሪያቸውን ይዘው እስከ ረፋድ ይሠሩና፣ ከዙህር (የቀትር ሶላት) በኋላ ጋደም ይላሉ፣ ከዚያ ቀላል ቀላሉን፣ ክር ማጠንጠኑን ይይዛሉ። እኔም አሁን መሰንጠቅና መላግ የሚባለው ሁሉ እስከ 6 ሰዓት ያልቃል። ከሰዓት ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ልኬት መውሰድ። ከ8 ሰዓት በኋላ ማሽን አልነካም። አውራ ጣቴን እወዳታለሁ።

እንቅልፉ፦ ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ። ከዙህር በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ ስልኩ ላይ ደወል ሞልቼ። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ስነሣ ጭራሽ ድንዝዝ እላለሁ። ስልኩን ማታ ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል፣ አልዋሽም። ፌስቡክ ከሳምቡሳም ይብሳል።

አንድ ነገር ሳልል እንዳልቀር። እኔ ጤነኛ ሰው ነኝ፣ ጨጓራዬ ብቻ ናት አልፎ አልፎ የምትቆጣኝ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት የእኔን ጽሑፍ ይዛ አትጀምር። ረመዳን ሳይገባ፣ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። የመድኃኒት ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር መዛወር ይችል እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በራሳችሁ አታዛውሩ፣ አታቋርጡም። የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ ቢለካ ጾሙ አይበላሽም፤ ልኬቱ ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደ ግን ወዲያው ያፈጥራል። አጎቴ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ተደብቆ እየጾመ ሆስፒታል ገብቷል። ሰው ምንም አላለውም፤ ሊጠይቁት መጥተው ነው ያዘኑለት።

የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ላይ ይሄን ሁሉ ፕሮግራም እተወዋለሁ። ለይለቱል ቀድር የሚፈለግባቸው ሌሊቶች ናቸው፤ ሌሊቱን የቆመ ሰው ጀሪካን አያነሣም። ድልድዩ ላይ ያለችውን እርምጃ ብቻ እይዛለሁ፣ የቀን እንቅልፏን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳድጋታለሁ፣ ከባድ ትዕዛዝ ከዒድ በኋላ እያልኩ እቀጥራለሁ። ደንበኛ ይገባዋል። ያልገባው ካለ ሌላ አናጺ ይፈልግ።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ እኛ ጋ ከሚያዝያ ሙቀት እየወጣ ወደ የካቲት፣ ከዚያም ወደ ጥር እየገባ ነው። ቀኑ ትንሽ ያጥራል፣ ጥማቱ ይቀንሳል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ለሱሁር መነሣት ይከብዳል። ለዚህ መላ ያለው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

በ2016 የዒድ ማግስት ሚዛኑ ጋ ሄድኩ። ልጁ አድጓል፣ ጢም ጢም ብሎታል። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ጎንበስ አለ።

«70 ከግማሽ።» ቀና አለና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል አይሉም ዛሬ?»